ስፖንጁ ስንት ነው? ካንሰርና ፕሮቲን የማይሠሩት አር ኤን ኤዎች

«ረጅሙ አር ኤን ኤ ‹ሀ›፣ ማይክሮ አር ኤን ኤ ‹ለ›ን መጥጦ በመያዝ የጅን ‹ሐ›ን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ በዚህም የ‹መ› ካንሰር እንዲስፋፋ ያግዛል።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከያዛችሁ፣ ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ስለ ካንሰርና ስለ አር ኤን ኤ (ሕዋስ ከዲ ኤን ኤ የሚገለብጠው ቅጂ) ከታተሙት ጥናቶች በሺህ የሚቆጠሩትን አንብባችኋል ማለት ይቻላል። የቀረው ክፍት ቦታ መሙላት ነው። በ‹ሀ› ቦታ ማላት 1 ወይም ኤች 19 የተባሉት ረጃጅም አር ኤን ኤዎች ይገባሉ፤ በ‹መ› ቦታ ጉበት፣ ጡት፣ አንጀት፣ የፈለጋችሁት። መደምደሚያው ያው ነው፤ አንዱ ሌላውን ያዘ፣ የተያዘው ሦስተኛውን ለቀቀ፣ ካንሰሩ ባሰ። ምስሉም ያምራል፤ ቀስቶች፣ ባለ ቀለም ክቦች፣ መሃል ላይ ውኃ እንደሚመጥ ስፖንጅ የተሳለ አንድ ሞለኪውል።

እኔ እንዲህ ያለ ጥናት ሲያጋጥመኝ አሁን አሁን ምስሉን ትቼ ቁጥር ነው የምፈልገው። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ስንት ‹ሀ› አለ? ስንት ‹ለ›? ሁለቱስ የሚገኙት አንድ ቦታ ነው ወይ? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ወረቀቱ ውስጥ የለም። ስፖንጁ በቂ መሆኑን ሳያውቁ ውኃው ተመጠጠ ማለት ደግሞ አያስኬድም።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። የሰው ዘረመል 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደላት አሉት። በእነዚህ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠሩት ጅኖች 20,000 አካባቢ ሲሆኑ፣ ፕሮቲን የሚጻፍበት ክፍል ከጠቅላላው 2 በመቶ አይሞላም። የቀረውን ብዙዎች ለረጅም ጊዜ «ቆሻሻ ዲ ኤን ኤ» ይሉት ነበር። በ2012 ኤንኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት ውጤቱን ሲያወጣ፣ ከዘረመሉ ሦስት አራተኛ የሚሆነው በአንዱ ወይም በሌላው የሕዋስ ዓይነት ወደ አር ኤን ኤ እንደሚገለበጥ አሳየ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ተገለበጠ ማለት ሥራ አለው ማለት አይደለም። መኪና ሲሄድ አቧራ ይነሳል፤ አቧራው ግን መኪናውን አይነዳም። ሕዋስም ዘረመሉን ሲያነብ የሚያስነሳው አቧራ አለ። ሙግቱ የትኛው አቧራ፣ የትኛው ሞተር እንደሆነ መለየት ላይ ነው።

ከሞተሮቹ በደንብ የታወቀው ማይክሮ አር ኤን ኤ ነው። የተገኘውም ርዝመቷ 1 ሚሊሜትር ከምትሆን ትል ውስጥ ነው። በ1993 ቪክተር አምብሮስ ከሮዛሊንድ ሊና ከሮንዳ ፋይንባም ጋር፣ ጋሪ ራቭከን ደግሞ በራሱ ላቦራቶሪ፣ ሊን 4 የተባለው ጅን ምንም ፕሮቲን እንደማይሠራ፣ የሚያወጣው 22 ፊደል የምታህል ቁራጭ አር ኤን ኤ ብቻ እንደሆነና ይህችም ቁራጭ ሌላ ጅንን፣ ሊን 14ን፣ ዝም እንደምታሰኝ አሳዩ። ሰሚ አልነበረም። «የትል ጉዳይ ነው» ተባለና ታለፈ። በ2000 የራቭከን ቡድን ሌት 7 የተባለውን ሁለተኛውን ማይክሮ አር ኤን ኤ ካገኘ በኋላ፣ ይኸው አንድ ዓይነት ሞለኪውል በዝንብም፣ በዓሣም፣ በሰውም ውስጥ መኖሩ ሲታወቅ ነው ሁሉም ዘወር ብሎ ያየው። አምብሮስና ራቭከን የኖቤልን ሽልማት የወሰዱት በ2024፣ ከ31 ዓመት በኋላ ነው።

ሌት 7ን ቀረብ ብለን እንመልከተው፣ የኋላው ሁሉ የሚገባን በዚህ ነውና። ከሃያ ሁለቱ ፊደላት ወሳኞቹ ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት ሰባቱ ናቸው፦ ጂ-ኤ-ጂ-ጂ-ዩ-ኤ-ጂ። አር ኤን ኤ ላይ ጂ ከሲ፣ ኤ ደግሞ ከዩ ጋር ይጣመራል። ስለዚህ በአንድ መልእክተኛ አር ኤን ኤ (ፕሮቲን የሚሠራበት የጅን ቅጂ) ጅራት ላይ ሲ-ዩ-ኤ-ሲ-ሲ-ዩ-ሲ የሚል ቃል ካለ ሌት 7 እዚያ ይለጠፋል። ብቻውን አይመጣም፤ አርጎኖት የተባለ ፕሮቲን ላይ ተቀምጦ ነው የሚመጣው። ከተለጠፈ በኋላ መልእክተኛው ይበጣጠሳል ወይም ፕሮቲን መሥራቱ ይቀንሳል። ካንሰር ነጂ ከሆኑት ጅኖች ስመ ጥሩ የሆነው «ራስ» የተባለው የጅን ቤተሰብ በጅራቱ ላይ እንዲህ ያሉ ቃላት ተሸክሟል፤ በ2005 የወጣ ጥናት በሳንባ ካንሰር ውስጥ ሌት 7 ሲያንስ የ«ራስ» መጠን ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በአራት ፊደላት የሚጻፍ ሰባት ፊደል ያለው ቃል እንዲያው በአጋጣሚ በየ16,000 ፊደሉ አንድ ጊዜ ይገጥማል። ስለዚህም አንድ ማይክሮ አር ኤን ኤ አንድ ጅንን ብቻ አይነካም፤ በመቶ የሚቆጠሩትን ይነካል፣ እያንዳንዱንም ትንሽ ትንሽ። የሰው ፕሮቲን ሠሪ ጅኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ማይክሮ አር ኤን ኤ ይቆጣጠራቸዋል ተብሎ ይገመታል። አንድ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው ሰው ታዲያ ማንኛውንም ረጅም አር ኤን ኤ ከማንኛውም ማይክሮ አር ኤን ኤ ጋር «የሚገናኝ» ቃል ፈልጎ ለማግኘት አይቸገርም። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ነው።

ወደ ጣጣው ከመግባቴ በፊት ግን ሥራው የሚያስመሰግነውን ማመስገን ይገባል። በደም ካንሰር ከሚታወቁት አንዱ፣ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የሚበዛው ሥር የሰደደ የሊምፍ ሉኪሚያ ነው። ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ክሮሞዞም 13 ላይ አንድ ቁራጭ ጎድሎ ይገኛል። ተመራማሪዎች እዚያ ቦታ ላይ የጠፋውን «ካንሰር ገቺ» ጅን ለዓመታት ፈለጉ፤ አንዱንም ፕሮቲን ሠሪ ጅን ከሰሱት፣ ማስረጃው አልቆመም። በ2002 ፊላዴልፊያ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የጠፉት ሁለት ማይክሮ አር ኤን ኤዎች፣ ሚር 15ና ሚር 16፣ መሆናቸውን አመለከቱ። በ2005 ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ቢ ሲ ኤል 2 የተባለውን፣ ሕዋስ ጊዜው ሲደርስ እንዳይሞት የሚከላከለውን ፕሮቲን እንደሚቀንሱ ታየ። ጠባቂዎቹ ሲጠፉ ቢ ሲ ኤል 2 ይበዛል፤ መሞት የነበረበት ሕዋስ አልሞትም ይላል። ይህንኑ ፕሮቲን በቀጥታ የሚያጠቃው ቬኔቶክላክስ የተባለው እንክብል በ2016 አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ በሽታ ፈቃድ አግኝቷል። መድኃኒቱ ከማይክሮ አር ኤን ኤው ጥናት የተወለደ አይደለም፤ ሁለቱ በተለያየ መንገድ መጥተው አንድ በር ላይ ተገናኙ። ማስረጃ ሲጠና እንዲህ ነው፤ የጎደለው ዲ ኤን ኤ በታማሚው ውስጥ ይታያል፣ የበዛው ፕሮቲን ይለካል፣ ፕሮቲኑ ሲመታ ታማሚው ይሻለዋል።

አሁን ወደ ስፖንጁ። በ2010 ቦስተን የሚገኘው የፒየር ፓኦሎ ፓንዶልፊ ላቦራቶሪ ስለ ፒቴን አንድ የሚገርም ነገር አሳተመ። ፒቴን ካንሰርን ከሚገቱት ዋና ዋና ጅኖች አንዱ ነው፤ ጨርሶ ሳይጠፋ፣ ጥቂት ሲቀንስ እንኳ መዘዝ አለው። ፒቴን የሚኖረው ክሮሞዞም 10 ላይ ሲሆን፣ ክሮሞዞም 9 ላይ ግን መንትያ የሚመስል ጥላ አለው፤ ፒቴን ፒ 1 ይባላል። በዝግመተ ለውጥ ዘመን ተገልብጦ የቀረ፣ ፕሮቲን መሥራት የማይችል ሐሰተኛ ጅን ነው። የቦስተኖቹ ጥያቄ ቀላል ነበር፤ የጥላው ጅራት ከእውነተኛው ጅራት ጋር ስለሚመሳሰል፣ ፒቴንን የሚያጠቁት ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ጥላውንም ያጠቁ የለም ወይ? ከሆነስ ጥላው ሲበዛ እውነተኛው ይድናል ማለት አይደለም ወይ?

አምስት ግብር ሰብሳቢዎች አንድ መንደር ገቡ እንበል። ያሉት ሱቆች አሥር ከሆኑ እያንዳንዱ ሱቅ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይንኳኳበታል። አጠገቡ ሌላ አሥር ባዶ ሱቅ ቢከፈት፣ ሰብሳቢዎቹ ባዶውንም ማንኳኳት ስላለባቸው በነባሩ ሱቅ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። ሰብሳቢዎቹ ማይክሮ አር ኤን ኤዎቹ፣ ፒቴን ነባሩ ሱቅ፣ ፒቴን ፒ 1 ባዶው ሱቅ መሆኑ ነው። በሙከራውም ላይ የጥላው አር ኤን ኤ ሲጨመር ፒቴን ከፍ አለ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ሕዋሳት እድገትም ዘገየ። በ2011 ሐሳቡ ሰፍቶ መላ ምት ሆነ፤ ሁሉም አር ኤን ኤ፣ ፕሮቲን ይሥራ አይሥራ፣ በማይክሮ አር ኤን ኤዎች ላይ በሚደረገው ሽሚያ እርስ በርሱ ይነጋገራል ተባለ።

ሐሳቡ ውብ ነው። ከወጣም በኋላ ዓለም ተከተለው።

በ2014 ዙሪክና ካምብሪጅ ማሳቹሴትስ ያሉ ሁለት ላቦራቶሪዎች ሱቆቹንና ሰብሳቢዎቹን ቁጭ ብለው ቆጠሩ። የመረጡት የአይጥ ጉበት ሕዋስንና ሚር 122ን ነው። ሚር 122 ጉበት ውስጥ እጅግ ይበዛል፤ በአንድ ሕዋስ ከ100,000 በላይ ቅጂ አለው። ተመራማሪዎቹ ሰው ሠራሽ ማረፊያ ቦታዎችን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ነባሮቹ ጅኖች መቼ እፎይ እንደሚሉ ተከታተሉ። እፎይታው መታየት የጀመረው በአንድ ሕዋስ 150,000 ያህል ተጨማሪ ማረፊያ ከተከፈተ በኋላ ነው። ይህን ያህል ማረፊያ ይዞ የሚመጣ አንድ ነጠላ የተፈጥሮ ጅን አላገኙም።

ከዚያ ዞር ብለን ወረቀቶቹን እንያቸው። አብዛኞቹ ረጃጅም ኮድ-አልባ (ፕሮቲን የማይሠሩ) አር ኤን ኤዎች በአንድ ሕዋስ ውስጥ ከጥቂት ቅጂ አያልፉም፤ አንዳንዶቹ በአማካይ አንድ እንኳ አይሞሉም። አሥር ቅጂ፣ እያንዳንዱ ላይ አንድ ማረፊያ፣ መቶ ሺህ ሰብሳቢ ፊት። አባይን በጭልፋ ይሉታል እንዲህ ያለውን።

ክርክሩ በዚህ አልተዘጋም። በዚያው ዓመት ከኤም አይ ቲ የወጣ ሌላ ጥናት፣ ቁጥራቸው ከማረፊያዎቻቸው አንጻር አነስተኛ የሆኑ ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ለሽሚያ ይበልጥ የተጋለጡ ሊሆኑ እንደሚችሉ ተከራክሯል። ፒቴንም ቢሆን ታሪኩ እየተወሳሰበ ሄዷል፤ ከጥላው ጅን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነበብ ሌላ ረጅም አር ኤን ኤ እንዳለና ከዓይነቶቹ አንዱ ፒቴን ደጃፍ ላይ ሄዶ ጅኑን ከምንጩ እንደሚዘጋ፣ ሌላው ደግሞ ጥላውን አጣምሮ ይዞ እንደሚያቆየው በ2013 ተገልጿል። ማለትም አንድ መንደር ውስጥ ሽሚያም፣ መዝጋትም፣ ማገዝም በአንድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ሆኖም የሽሚያውን ታሪክ የሚተርክ ሰው ሰብሳቢዎቹን የመቁጠር ዕዳ አለበት። ብዙዎቹ አይቆጥሩም።

ቦታም አለ። ማላት 1ን እንውሰድ። በ2003 በሳንባ ካንሰር ውስጥ የተገኘ፣ ከ8,000 ፊደል የሚበልጥ፣ ከረጃጅሞቹ ሁሉ በብዛቱ የሚጠቀስ ነው፤ በአንድ ሕዋስ በሺህ የሚቆጠር ቅጂ አለው። ስለዚህ በቁጥር ረገድ ስፖንጅ ልሁን ቢል ያምርበታል። ነገር ግን ማላት 1 የሚኖረው ኒውክለስ ውስጥ፣ ዲ ኤን ኤው በሚቀመጥበት የሕዋሱ እምብርት ነው። ማይክሮ አር ኤን ኤዎች በብዛት የሚሠሩት ከኒውክለሱ ውጭ ነው። አንዱ ግቢ ውስጥ፣ ሌላው መንገድ ላይ ሆነው እንዴት ተያያዙ? በ2012 ሦስት ቡድኖች ማላት 1 ጭራሽ የሌላቸው አይጦች አስወለዱ፤ አይጦቹ ደህና ነበሩ። በ2016 ማላት 1ን መቀነስ የጡት ካንሰርን ስርጭት በአይጥ ላይ እንደሚገታ ተጻፈ፤ በ2018 ደግሞ ሌላ ቡድን ተቃራኒውን፣ ማላት 1 ስርጭትን የሚገታ እንደሆነ አሳተመ። ሁለቱም በታላላቅ መጽሔቶች ላይ የወጡ ናቸው። በእኔ ግምት ልዩነቱን ያመጣው ጅኑን የነኩበት መንገድ መለያየቱ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ነጥብ ወደ በኋላ ይመለሳል።

ለስፖንጅነት ከሁሉ የተሻለ እጩ ከተባለ ክቡ አር ኤን ኤ ነው። ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ ቀለበት ስለሚሆን በቀላሉ አይበላም፤ ይከማቻል። በ2013 ከዴንማርክና ከበርሊን በአንድ ጊዜ የወጡ ሁለት ጥናቶች፣ ሲ ዲ አር 1 ኤ ኤስ የተባለው ክብ አር ኤን ኤ በላዩ ላይ ከ60 በላይ የሚር 7 ማረፊያ እንዳለው ገለጹ። ይኼ ጭልፋ አይደለም፣ በርሜል ነው። ሚር 7 ካንሰርን የሚገታ ስለሚባል፣ ወዲያው ክቡ አር ኤን ኤ በጉበት፣ በጨጓራ፣ በአንጀት ካንሰር ውስጥ «ሚር 7ን እየመጠጠ ካንሰርን ያባብሳል» የሚሉ ወረቀቶች ተከታተሉ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር እኔን ይህን መስክ በሌላ ዓይን እንዳየው ያደረገኝ ነው። በ2017 የበርሊኖቹ ራሳቸው ይህ ክብ አር ኤን ኤ የሌላቸው አይጦች ሠሩ። ስፖንጁ ሲወገድ የተመጠጠው ውኃ መፍሰስ፣ ሚር 7ም ነጻ ወጥቶ መብዛት አለበት ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል፤ ሚር 7 በአይጦቹ አንጎል ውስጥ ቀነሰ። በርሜሉ መጋዘን ኖሯል፤ ሚር 7ን እስረኛ አድርጎ ሳይሆን ከጥፋት ጠብቆ የያዘው ይመስላል። ከማን ጥፋት? መልሱ በ2018 መጣ። ሲራኖ የተባለ ረጅም አር ኤን ኤ አለ፤ በላዩ ላይ ያለው የሚር 7 ማረፊያ አንድ ብቻ ነው። ነገር ግን ይህ ማረፊያ እንደ ሌሎቹ በሰባት ፊደል የሚገጥም አይደለም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊባል በሚችል ሁኔታ ከሚር 7 ጋር ይገጥማል። ይህ ዓይነት ጥብቅ ግጥሚያ ተሸካሚውን አርጎኖትን ለጥፋት ያጋልጠዋል፤ በ2020 ሁለት ቡድኖች እንዳሳዩት ዝስዊም 8 የሚባል ፕሮቲን መጥቶ አርጎኖቱን የማስወገጃ ምልክት ይለጥፍበታል፣ ሚር 7ም አብሮ ይበላል። ሲራኖ ግን አይጠፋም፤ ቀጣዩን ይጠብቃል። ሰብሳቢው የሚገባበትና የማይወጣበት ሱቅ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የቁጥሩ ሙግት ራሱ መልኩን ይቀይራል። ስፖንጅ ለመሆን ከምትመጠው ውኃ ጋር የሚመጣጠን መጠን ያስፈልግሃል፤ አጥፊ ለመሆን ግን ጥቂት መሆን ይበቃል፣ አንዱን ጨርሰህ ወደ ቀጣዩ ትሄዳለህና። አራት ኮድ-አልባ አር ኤን ኤዎች፣ ማለትም ሲራኖ፣ ሚር 7፣ ክቡን የሚያስቆርጠው ሚር 671ና ራሱ ክቡ አር ኤን ኤ፣ በአንጎል ውስጥ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ፣ እያጠፋና እየቆረጠ የሚያካሂዱት ይህ ትስስር እስካሁን ከታወቁት የአር ኤን ኤ መስተጋብሮች በጥንቃቄ የተጠናው ይመስለኛል። ቀስቶቹ ከስፖንጁ ምስል ጋር አይመሳሰሉም።

የአንጀቱ ካንሰር ታሪክስ? በ2020 የዴንማርክ ተመራማሪዎች የአንጀት ካንሰር ቁራጮችን አንሥተው ይህንን ክብ አር ኤን ኤ በአጉሊ መነጽር ሥር ቀለም ቀብተው ፈለጉት። የካንሰር ሕዋሳቱ ውስጥ አልነበረም። የነበረው በዙሪያቸው ባሉት ደጋፊ ሕዋሳት፣ በጡንቻና በደም ሥር አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ጥናቶች እጢውን እንዳለ ፈጭተው ነበር የሚለኩት፤ በርበሬና ቅመሙ አብሮ ከተፈጨ በኋላ የትኛው ከየትኛው ማሰሮ እንደመጣ አይታወቅም። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያሉ የካንሰር ሕዋሳት ላይ ክቡን በኃይል ጨምሮ ውጤት ማየት ይቻላል፤ በታማሚው ሰውነት ውስጥ ግን ሁለቱ አንድ ሕዋስ ውስጥ ካልተገናኙ ምን ሊያደርጉ ነው?

በጥቂት ቁጥር ትልቅ ነገር የሚሠራበት ሌላም መንገድ አለ፤ ከተወለዱበት ሳይርቁ መሥራት። የዚህ ምሳሌ ከእኛው አህጉር ይጀምራል። ዴኒስ በርኪት የተባለው ቀዶ ሐኪም በ1958 ኡጋንዳ ውስጥ በልጆች መንጋጋ ላይ የሚወጣውን እጢ ገልጾ ጻፈ፤ ዛሬ በርኪት ሊምፎማ እንለዋለን። የዚህ ካንሰር መነሻ ክሮሞዞም 8 ላይ ያለው ሚክ የተባለ ጅን ከቦታው ተቆርጦ፣ ፀረ-እንግዳ አካላትን የሚያመርቱ ጅኖች አጠገብ መለጠፉ ነው። በአንዳንድ ታማሚዎች ግን መቆረጡ ሚክ ላይ ሳይሆን ከእሱ ዝቅ ብሎ፣ ከ50,000 በላይ ፊደል ራቅ ብሎ ይሆናል። እዚያ ያለው ፒ ቪ ቲ 1 ነው፤ ፕሮቲን የማይሠራ፣ ረጅም አር ኤን ኤ ብቻ የሚያወጣ ጅን።

ሚክና ፒ ቪ ቲ 1 ጎረቤታሞች ናቸው፣ በካንሰርም አብረው ይባዛሉ። በ2014 የሚኒሶታ ተመራማሪዎች የሚክ ቅጂ በበዛባቸው ካንሰሮች ውስጥ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ፒ ቪ ቲ 1ም አብሮ እንደሚበዛ፣ አይጦች ላይም ሚክን ብቻውን ማብዛት እጢን እንዳላፋጠነ፣ ከነጎረቤቱ ሲበዛ ግን እንዳፋጠነ አሳዩ። ፒ ቪ ቲ 1 የሚክን ፕሮቲን ይጠብቃል ተባለ። በሌላ በኩል በ2018 የስታንፎርድ ቡድን የፒ ቪ ቲ 1ን መነሻ ቦታ፣ ጅኑ መነበብ የሚጀምርበትን ዲ ኤን ኤ፣ ሲዘጋ የጡት ካንሰር ሕዋሳት በረቱ። ምክንያቱ ሚክም ፒ ቪ ቲ 1ም የሚሻሙባቸው የጋራ አንቂ ቦታዎች፣ ማለትም ጅን እንዲነበብ የሚቀሰቅሱ የዲ ኤን ኤ ክፍሎች፣ መኖራቸው ነው። የፒ ቪ ቲ 1 ደጃፍ ሲዘጋ አንቂዎቹ በሙሉ ወደ ሚክ ዞሩ። አር ኤን ኤው እዚህ ምንም አልሠራም፤ የሠራው ደጃፉ ነው። በ2020 ደግሞ ዬል ላይ የተሠራ ጥናት፣ ዘረመል ሲጎዳ ፒ 53 የተባለው ዘበኛ አንድ የተለየ የፒ ቪ ቲ 1 ዓይነት እንደሚያስነሳና ያም አር ኤን ኤ እዚያው አጠገቡ ያለውን ሚክን እንደሚያበርድ አሳየ። ከዚሁ ጅን ውስጥ ደግሞ በርከት ያሉ ማይክሮ አር ኤን ኤዎችና አንድ ክብ አር ኤን ኤ ይወጣሉ።

«ፒ ቪ ቲ 1 ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ለሚል ሰው እንግዲህ መልስ የለም። ደጃፉ፣ ረጅሙ አር ኤን ኤ፣ ፒ 53 የሚያስነሳው ዓይነት፣ ክቡ፣ ማይክሮዎቹ፤ በአንድ ስም የሚጠሩ አምስት ነገሮች ናቸው። የማላት 1ም ግጭት ከዚህ የሚርቅ አይመስለኝም። አር ኤን ኤውን ያጠፋና ዲ ኤን ኤውን የቆረጠ ሰው አንድ ሙከራ አልሠሩም።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ‹ሀ-ለ-ሐ-መ› ወረቀት ለምን አልቆመም? አንዱ ምክንያት ርካሽ መሆኑ ነው። የካንሰር ጂኖም አትላስ፣ የብዙ ታማሚዎች እጢ ዘረመል የተመዘገበበት ማኅደር፣ መረጃው በነጻ ይወርዳል፤ ላቦራቶሪ የሌለው ተማሪም፣ አዲስ አበባም ይሁን ቦነስ አይረስ፣ በላፕቶፑ በአንድ ወር ውስጥ «የትስስር መረብ» ያወጣል። በዚያ መሥራት ነውር የለውም፤ መነሻ ጥያቄ ለማግኘት ጥሩ ነው። (ናሙናዎቹ በብዛት የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ታማሚዎች የተወሰዱ መሆናቸውን ግን ማስታወስ ይገባል።) ነውሩ ያለው ሁለተኛው ምክንያት ላይ ነው። ወረቀት በገንዘብ የሚያመርቱ ድርጅቶች አሉ፤ ሐኪሙ ለሹመት ወረቀት ያስፈልገዋል፣ እነሱ ይሸጡለታል። ክፍት ቦታ ሙላ ዓይነት ጥናት ለዚህ ገበያ እንደ ልክ የተሰፋ ነው። አውስትራሊያዊቷ ተመራማሪ ጄኒፈር በርን ከባልደረቦቿ ጋር የጅን ጥናቶችን ስትመረምር ከ700 በላይ በሚሆኑት ውስጥ የተሳሳቱ የዘረመል ፊደላትን አገኘች፤ ደራሲዎቹ «ይህን ጅን አጠፋንበት» ያሉት ቅደም ተከተል ሌላ ጅንን የሚነካ ወይም ምንንም የማይነካ ሆኖ ተገኘ። የማይክሮ አር ኤን ኤ ጥናቶችም በውስጡ ነበሩበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ ሳይሰረዙ ዛሬም ይጠቀሳሉ፤ ሌላው ተማሪ መረቡን ሲሠራ እነሱን ያስገባል።

ሕክምናው ላይ ደርሰን እንይ። ሚር 34 በዘበኛው ፒ 53 የሚታዘዝ፣ በብዙ ካንሰሮች ውስጥ የሚጠፋ ማይክሮ አር ኤን ኤ ነው። የጠፋውን መተካት የሚለው ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ በ2013 ሰው ሠራሽ ሚር 34 በስብ ጠብታ ተጠቅልሎ በደም ሥር ለታማሚዎች መሰጠት ተጀመረ። በሙከራው 85 ሰዎች ገቡ። ጥቂቶች እጢያቸው ቀነሰ። በ2016 ሙከራው ተቋረጠ፤ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ከልክ በላይ በመቆጣቱ አራት ታማሚዎች ሞተዋል። አንድ ማይክሮ አር ኤን ኤ በመቶ የሚቆጠሩ ጅኖችን ትንሽ ትንሽ ይነካል ያልነውን አስታውሱ። እጢው ውስጥ በረከት የሆነው ብዛት በነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ስብ ጠብታው ደግሞ የሚሄድበትን ብቻ መርጦ አይሄድም።

ምርመራው ላይ ግን ቀድሞ የደረሰ ነገር አለ። ፒ ሲ ኤ 3 የፕሮስቴት ካንሰር ሕዋሳት ከጤነኞቹ አብልጠው የሚያወጡት ረጅም ኮድ-አልባ አር ኤን ኤ ነው፤ በ1999 ተገልጾ፣ በ2012 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ምርመራውን ፈቅዷል። የሚሰጠው ቀደም ሲል ከፕሮስቴቱ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ካንሰር ላልተገኘበት፣ ሐኪሙ ግን አሁንም ለሚጠረጥረው ሰው ነው፤ ጥያቄው መርፌው ይደገም ወይስ አይደገም የሚል ነው። ሐኪሙ በጣቱ ፕሮስቴቱን ጫን ጫን ካደረገ በኋላ ታካሚው የመጀመሪያውን ሽንት በዕቃ ይሰጣል። ማሽኑ በሽንቱ ውስጥ ያለውን የፒ ሲ ኤ 3 ቅጂ ይቆጥራል፤ ናሙናው በቂ የፕሮስቴት ሕዋስ መያዙን ለማወቅ ደግሞ ፒ ኤስ ኤ የተባለውን የፕሮስቴት ፕሮቲን መልእክተኛ አር ኤን ኤ ይቆጥራል። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ተካፍሎ በ1,000 ይባዛል። ከ25 በታች ከመጣ፣ መርፌው ቢደገም ካንሰር የመገኘቱ ዕድል ዝቅተኛ ነው።